ዳማከሴ ለእህቴ፣ መርፌ ለእኔ

አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ስለ ፎቁ ነው። እኔም ደብረ ብርሃን ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቱም፣ ማኅበርተኛውም፣ ተማሪዎቼም «አገሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። አገሩን በቅጡ አላየሁትም። ያየሁት የእህቴን ሳሎን፣ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒና ብዙ መንገድ ነው። በመንገድ ነገር እንኳ አልታማም፤ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና መንዳት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ ሄዶ ለማያየው ሰው የሆነውን እንደሆነው፣ ቀን በቀን ልጻፍለት። ደስ የሚል ነገር የፈለገ አንባቢ ግን ከወዲሁ ይለፈኝ፤ አልቀየመውም።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ታላቅ እህቴ ዘውዴ ከልጇ ከሊያ ጋር የምትኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር በተጣበቀችው በአውሮራ ከተማ ነው። ከፋሲካ ወዲህ በስልክ ድምፅዋ ተለወጠብኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምች ነው፤ ግንባሬን መታኝ» ትለኛለች። ምች ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል፣ ይጠጣል፣ ያልፋል። የሷ ምች ግን ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲደርስም አልለቅ አለ። በመጨረሻ ሊያ ደወለች። «አጎቴ፣ ፕሊስ ና። ማሚ ከቤት አትወጣም፣ ቸርች አትሄድም፣ አታወራም» አለችኝ።

የቪዛውን ጣጣ ልዝለለው። ባለቤቴ አስካለ ከጓሮ ዳማከሴ ቆርጣ በጥላ አድርቃ በነጠላ ቅዳጅ ቋጠረችልኝ። ትኩሱ ቢሻልም ደረቁም አይከፋም ተባባልን።

ረቡዕ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሹፌሩ ኩርባ ላይ ይቀድማል። አንዴ ዝም አልኩት፣ በሁለተኛው ተቆጣሁት፣ በሦስተኛው «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይጸልዩ» ብሎኝ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። ጸለይኩ። በአውሮፕላኑ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ መሪውን የማላየው መኪና አያስፈራኝም።

ሐሙስ

ዋሽንግተን ሻንጣዬን ስጠብቅ አንዲት ትንሽ ውሻ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኛ ጋ ውሻ እንዲያ ቁጭ ካለብህ ፍርፋሪ ፈልጎ ነው። እዚህ ግን ባለቤቷ መለዮ የለበሰ ሹም ነበር፤ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። የአስካለን ቋጠሮ ፈቶ ቅጠሉን በጣቶቹ አሽቶ አሸተተው። «ምንድን ነው?» ሲለኝ «መድኃኒት» አልኩ። «የምን?» ሲለኝ ምችን በእንግሊዝኛ ከየት ላምጣው? «እህቴን ፀሐይ መታቻት» አልኩት። አዘነ። ከልቡ አዘነና ዳማከሴውን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጨመረው። ይቅርታም ጠየቀኝ፤ ዕቃ ወስዶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሹም ያየሁት ያን ቀን ነው። ለመንኩት፣ አልሆነም። ባዶ እጄን እህቴ ፊት መቆሜ ነው ብዬ በሁለተኛው አውሮፕላን ሙሉ ስበሳጭ ሄድኩ።

ዴንቨር ተራራ ላይ የተሠራች ከተማ ትመስለኝ ነበር። ከላይ ስትታይ ግን ሜዳ ናት፤ ተራራው በስተ ምዕራብ ዳር ተኮልኩሎ ያያታል። የአየር ማረፊያው ጣሪያ የጥምቀት ድንኳን ይመስላል። ወርጄ በየትኛው በኩል እንደምወጣ ሳማትር ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ አንዲት የአገሬ ሴት ቆመችልኝ።

«ኢትዮጵያዊ ነዎት አይደል? መንገዱ ጠፍቶብዎት ነው?»

ሥራ ላይ ናት፤ ግን ምድር ለምድር የሚሄደውን ባቡር አሳፍራ፣ አብራኝ ወርዳ፣ ሻንጣ መረከቢያው ድረስ አደረሰችኝ። የራሷን የውኃ ጠርሙስም ሰጠችኝ። «ይጠጡ፤ ከፍታው ያዞርዎታል» አለችኝ። «የቱ ከፍታ?» አልኳት። ደብረ ብርሃን ከዚህ በብዙ ትበልጣለች። ውኃውን ግን ጠጣሁት፤ ስሟን ሳልጠይቃት መለያየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሊያ ሥራ ላይ ስለነበረች የተቀበሉኝ አቶ ተኽለ ናቸው። አቶ ተኽለ ኤርትራዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ታክሲ ሲነዱ ፀጉራቸው የነጣ፣ የእህቴ የብዙ ዘመን ወዳጅ። «መኪናዋን ራቅ አድርጌ ነው ፓርክ ያደረግኳት፤ ትንሽ በእግር እንሂድ» አሉና ሻንጣዬን ቀሙኝ። ስንወጣ ዓይኑ እንደ ፍም የሚያበራ ትልቅ ሰማያዊ የፈረስ ሐውልት መንገድ ዳር ቆሟል። «ይሄ ለምንድን ነው?» ብላቸው «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፋሪ ይጠይቀኛል፤ አላውቅም» አሉ።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልናገር። መብራት የሌለው መስቀለኛ ላይ አራት መኪና ከአራት ወገን ይደርስና ሁሉም ይቆማል። ከዚያ እርስ በርሱ «እለፍ፣ አንተ ቅደም» እያለ በእጁ ይጠቋቆማል። ጥሩንባ የለም። እኛ ጋ ይህን ባስተምር ተማሪዬ መስቀለኛው ላይ አርጅቶ ይቀራል።

ዘውዴ በሩን ከፈተችልን። ሻንጣውን ጥዬ፣ እንደ ወጋችን ጉንጭ ለጉንጭ ልስማት አቀፍኳት። ግንባሯን በግንባሬ ነካሁት መሰለኝ፤ የሰማሁት ጩኸት ከእህቴ አፍ የወጣ አልመሰለኝም።

«አትንካኝ! በማርያም፣ አትንካኝ!»

ገፋችኝና ግድግዳውን ይዛ አቀረቀረች። አቶ ተኽለ የራሳቸውን ጫማ ያያሉ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ቆይታ ቀና ስትል አየኋት፤ የግራ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ተርታውን ይዞ እስከ ቅንድቧ ወርዷል፣ ግራ ዓይኗ ደፍርሷል፣ ያ ሁሉ ፀጉሯ ሥሩ ድረስ ተሸልቷል። ማበጠሪያው ያቃጥላታል።

ራት ሊያ ፒዛ ገዝታ መጣች። እናቷ መኝታ ቤት ገብታ ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ ምች አይደለም። ሺንግልስ ነው» አለችኝ። ቃሉ ምንም አላለኝም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ያን ጊዜ አወቅሁት፤ የቆረስኩትን ፒዛ መለስኩት። አልማዝ ባለጭራ ነው።

ዓርብ

ወጣት አንባቢዬ ይህ ስም ለምን እንዳስደነገጠኝ ላይገባው ይችላል። ኤድስ አገሩን ባመሰበት ዘመን አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ምርመራ አያሻውም ነበር፤ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል። የእኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ ጎኑ ላይ ወጣበት። ሰዉ ለስፌት የሰጠውን ጨርቅ አንድ በአንድ እየመጣ ወሰደበት። በኋላ በምን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም አውቆታል ተብሎ ነው። ዘውዴ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ነበረች። ውቅያኖስ ስታቋርጥ ያንን ይዛ ነው የተሻገረችው።

ሊያ ሥራ ስትሄድ ሁለታችን ሳሎን ተቀመጥን። መጋረጃው ተዘግቷል። የማሞቂያው ነፋስ ፊቷን እንዳይነካት ሶፋዋን ጥግ አስጠግታለች። በሩ ሲከፈት ትጨነቃለች፤ ከውጭ የሚገባው አየር ለሷ መርፌ ነው።

«እትዬ፣ ለምን ቶሎ ሐኪም ቤት አልሄድሽም?» አልኳት።

«መጀመሪያ ምች ነው ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው። ዳማከሴ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለምኜ ቀባሁት። በማግስቱ ተርታውን ይዞ ሲወጣ ግን አወቅሁት። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ስሙን በሹክሹክታ ጠራሁትና፣ ሰው የሰማኝ ይመስል ዞር ብዬ አየሁ።»

«ለሊያስ?»

«ራሴን አሞኛል ብዬ ሻሽ አሰርኩበት። ሻሹ ያቃጥለኛል፤ ግን ብፈታው ታየዋለች። ዓይኔ ሲያብጥ ነው የነቃችብኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጀመር ነበር የሚረዳሽ አለኝ። ቀኑ አልፎ ነበር።»

«ደምሽንስ አላዩትም?»

«አዩት። ነፃ ነሽ አሉኝ።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣ። «ታዲያ ለማን ልንገረው? ነፃ ነኝ ብዬ ብዞር፣ ማን ጠየቀሽ አይሉኝም?»

 ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። ሕመሙ ሲመጣ ወሬዋን ቆርጣ የሶፋውን ጠርዝ ጨምድዳ ትይዛለች፤ ሲሄድ የተውነውን ወሬ ትቀጥላለች። ሽፍታው ከደረቀ ወራት አልፈዋል። ነርቩ ነው የተጎዳው። እኔ ዳማከሴዬ ተወረሰ ብዬ ስበሳጭ የመጣሁት ለዚህ ነበር።

እሑድ

ቅዳሜን እንደ ዓርብ ቤት ዋልን። እሑድ አቶ ተኽለ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ፤ ዘውዴ ነጠላ ግንባሯ ላይ ማሳረፍ ስለማትችል ቀረች። «ራሴን ገልጬ ብሄድ ምን ይሉኛል?» ትላለች። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቡኝ። «የዘውዴ ወንድም ነህ? እንዴት ናት?» ይሉኛል፤ መልሴን ሳይጨርሱ ግን ዓይናቸው ይሸሻል። ለሷ የሚሆን ምግብ አሸከሙኝ፤ ዶሮ ወጥ፣ ጎመን፣ አይብ።

ስንመለስ አቶ ተኽለ መሪውን እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ። ሰው የሚያወራው እውነት ነው?»

«መኪናውን ያቁሙት!» አልኩ። ለካ ለተማሪ በምጮኸው ድምፅ ነው የጮህኩት፤ ሰውየው ደንግጠው ፍሬቻ እንኳ ሳያሳዩ ዳር ያዙ። ምች ነው ልል ነበር። እህቴ ማን ቢጠይቅህ ምች ነው በል ብላኛለች። አፌ ግን እምቢ አለኝ። አልማዝ ባለጭራ መሆኑን፣ በልጅነት ከሚወጣው ከጉድፍ የቀረ ነገር መሆኑን፣ ከዚያ ከሚያወሩት በሽታ ነፃ መሆኗን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገረችንም?» አሉ።

«ብትነግራችሁ ምን ትሉ ነበር?»

 ሌላው መኪና በአጠገባችን እየተመዘገዘገ ያልፋል። «ያንኑ ነበር የምንል» አሉኝ በመጨረሻ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን መቀየም አልቻልኩም።

ቤት ስገባ ዘውዴ ምግቡን አየችው። በፎይል የተሸፈነ፣ ተበልቶበት የሚጣል ትሪ ነው። «ሳህን የለውም?» አለችኝ። «ድሮ በሳህን ነበር የሚልኩልኝ። ባዶውን አልመልስም፤ እኔም የሆነ ነገር ሠርቼበት ነበር የምመልሰው።» አቶ ተኽለ እዚህ አገር አሁን ሁሉም በፎይል ነው የሚልከው ብለው ማሉላት። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እሷ ግን አንድም ጉርሻ አልቀመሰችም፤ ወጡን እኔና ሊያ በላነው።

ሰኞ

ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ፤ ሊያ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፣ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ክኒኑን ጨመረላት። መቼ እንደሚሻላት ስጠይቀው ሊያ መልሱን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት። «ሊሄድ ይችላል ነው የሚለው። ወይም… ላይሄድ ይችላል። አያውቅም፣ አጎቴ። ማንም አያውቅም።»

ከዚያ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ወንድሟ ነህ? ዕድሜህ ከሃምሳ አልፏል? ጉድፍ ወጥቶብህ ያውቃል? አለኝ። እንዴት አይወጣብኝም! እኔና ዘውዴ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ መደብ ላይ ተኝተን ነው ያከክነው። እንግዲያው ያው ነገር በአንተም ነርቭ ውስጥ ተኝቷል፤ አዲስ ክትባት ወጥቷል፤ አገርህ ሳትመለስ ተከተብ አለኝ። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። «ለእሷስ አይሆናትም?» አልኩት። ለሚመጣው እንጂ አሁን ለሚያቃጥላት አይሆንም አለ። አንዲት ተስፋ ብልጭ ብላብኝ ነበር፤ እዚያው ወንበር ላይ ጠፋች።

ወደ ቤት ስንመለስ አልከተብም አልኩ። ምክንያት ደረደርኩ። ክትባቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ ሁለተኛው ከወራት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ እዚያ ደግሞ ይኖራል ብዬ አላምንም። ግማሽ ፍሬን ያለው መኪና እኔ ለማንም አላስነዳም። አፍ አውጥቼ ያልተናገርኩት ሌላ ነበር። እህቴ እየነደደች እኔ መከላከያ ፍለጋ መዞሩ ጥሎ መሸሽ መሰለኝ። ስሙን መጥራቱንም ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ከጠሩት የሚመጣ ይመስለኛል።

ማክሰኞ

በረዶ ወረደ። ትናንት በሸሚዝ የዋልንበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ አይጣል ነው፤ ግን ሰውን አያታልልም፣ ብርድ ከሆነ ብርድ ነው።

ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ሲነፋ የዘውዴ ሕመም ባሰ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ያዛትና ተንበረከከች። ሰው ሲያመው እጅ ይያዝለታል፣ ራሱ ይደገፋል፣ ግንባሩ በውኃ ይረጥባል። እኔ ምኑን ልንካ? ክፍሉ መሃል ቆሜ አየኋት። በሕይወቴ እንዲያ ከንቱ የሆንኩበት ቀን አላስታውስም።

ሲለቃት እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ለሞት እንኳ ቀን አለው» አለችኝ። «ይሄ ግን ቀን የለውም። ስነቃ አለ፣ ስተኛ አለ። እግዚአብሔርን አድነኝ ማለት ከተውኩ ቆየሁ፤ ውሰደኝ ነው የምለው። ሊያ እንዳትሰማ።»

«እትዬ፣ እንዲህ አትበይ።»

«እሺ፣ አልልም። አንተ ግን ተከተብ። አንድ የቀረኝ ልመና ያንተ ግንባር ሳይነካ እንዲቀር ነው። ይህቺን ልመና ደግሞ በገዛ እጅህ ልትከለክለኝ ነው?»

ምክንያቶቼ ሁሉ እዚያ ላይ አለቁ። እሺ አልኳት።

ረቡዕ

መከተብ ቀላል መስሎኝ ነበር። አቶ ተኽለ ሥራቸውን ትተው መጡ። ከእሑድ ወዲህ አንድ ነገር ለማድረግ ሲቁነጠነጡ ነበር፤ እኔም ገብቶኛል። አውሮራ ውስጥ ያየነው መድኃኒት ቤት ሁሉ «የለም፤ ስምህን አስመዝግብና እንጠራሃለን» ይላል። ክትባቱ አዲስ ነው፣ ፈላጊው በዝቶ አልቋል። መድኃኒት የለም የሚባለው እኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚህም የለም፤ ልዩነቱ የለም ሲሉ ፈገግ ይላሉ።

ኮልፋክስ የሚባለውን የማያልቅ ጎዳና ይዘን ወደ ዴንቨር ሄድን። ካፒቶል ሂል ስንደርስ አቶ ተኽለ አንድ አሮጌ የቀይ ጡብ ሕንፃ አሳዩኝ። «እህትህ እንደመጣች እዚህ ነበር የምትኖር። አውቶቡስ ስትጠብቅ አገኛትና ታክሲዬ ላይ አሳፍራት ነበር። ሳቋ ከዚያ ማዶ ይሰማል።» አንገቴን አዙሬ ሕንፃውን እስኪጠፋ አየሁት። ያ ሳቅ የእሷ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ጊዜም አልሰማሁትም።

ካፒቶል ሂልም የለም። አቶ ተኽለ ተስፋ እንዳልቆርጥ ቁርስ ቤት አስገቡኝ፤ ቂጣ የመሰለ ወፍራም ዳቦ ሽሮፕ ፈሶበት ቀረበ። ጠዋት ጠዋት ጣፋጭ በልቶ ሥራ የሚሄድ ሕዝብ እንዴት እንደማያንቀላፋ አልገባኝም። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ሊትልተን ወደምትባል ጸጥ ያለች ሰፈር ሄድን።

እዚያ ባንኮኒው ኋላ የቆመችው ፋርማሲስት ስሜን ከፓስፖርቴ አየችና በአማርኛ፣ «ምን ልርዳዎት ጋሼ?» አለችኝ። ወጣት ናት። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ «ሺንግልስ» ብዬ በተገላገልኩ፤ በአማርኛ ሲሆን ግን አፌ ተያዘ። ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብዬ፣ «ያ ክትባት… የቆዳው… ተርታውን የሚወጣው…» እላለሁ።

«አልማዝ ባለጭራ ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ በሱቁ መሃል። ኋላዬ ዞርኩ። አንዲት ነጭ ባልቴት የሳል ሽሮፕ ይመርጣሉ። ልጅቷ ምን እንዳስደነገጠኝ እንኳ አልገባትም። ለሷ የበሽታ ስም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እህቴ ትንሽ ዘግይታ ተወልዳ ቢሆን፣ ወይም ያን ልብስ ሰፊ ባታውቀው ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ቤት ትሄድ ነበር። ይህን ሳስብ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

«አንዲት አለች» አለችኝ ልጅቷ። «የተመዘገቡት ሴትዮ አልመጣም ብለው ደውለዋል። ሁለተኛውን ግን ከሁለት ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር ሳያልፍ ነው የሚወስዱት።»

«ያን ጊዜ አገሬ ነኝ።»

ትንሽ አሰበች። «ከምንም ይሻላል፤ ግን ሙሉ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ልውጋዎት?»

የግራ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አቶ ተኽለ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቃለ መሐላ እንደሚሰማ ሰው ቆመው ጠበቁኝ።

ሐሙስ

ልጅቷ መርፌውን ስትወጋኝ ያስጠነቀቀችኝ ሁሉ ደረሰ። ክንዴ አበጠ፣ አጥንቴ ተሰባበረ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ሊያ ሥራ ሄዳለች፤ ዘውዴ ያንን ጥጓን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሾርባ ሠራችልኝ፤ እንፋሎቱ ግንባሯን እንዳያገኘው ፊቷን አዙራ እንደምታማስል ከተኛሁበት አያለሁ። ብርድ ልብስ ደረበችልኝ።

«በጣም ያምሃል?»

«ያመኛል።»

«መቼ ይለቅሃል አሉህ?»

«እስከ ነገ፣ ቢበዛ እስከ ነገ ወዲያ።»

«እስከ ነገ ወዲያ» አለች። ደገመችው። ቃሉን አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ታላምጠዋለች። ክፋት የለበትም፣ ቅናትም የለበትም፤ ሕመም ቀን ተቆርጦለት መስማቱ ገርሟት ነው። እኔ ግን ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

ቅዳሜ

የመመለሻዬ ቀን ነው። ዓርብ ጠዋት ስነቃ ክንዴ ለቆኝ ነበር፤ እብጠቱ ጎድሏል፣ ትኩሳቱ የለም። ሻንጣዬን ያሰርኩት በዚያው እጄ ነው።

አቶ ተኽለ ታች ሞተር አስነስተው ይጠብቃሉ። ሊያ ቀድማ ወርዳለች። ዘውዴ ነፋሱን እየፈራች በር ድረስ ወጣችልኝ፤ ግራ ፊቷን በበሩ ከለላ አድርጋ ቆመች። መሳሳም የለም፣ መተቃቀፍ የለም። እጇን ብቻ ያዝኩ። ብዙ ልላት ያሰብኩት ነገር ነበር። ይሻልሻል ልላት ፈልጌ ነበር፤ ሐኪሙ እንኳ የማያውቀውን እኔ ከየት አምጥቼ ልላት? 

«ክንድህስ?» አለችኝ።

በደረቅ ዓይን አየኋት። «ገና ነው፤ ያመኛል» አልኩ።

እጇን ከእጄ አውጥታ ክንዴን ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርጋ ዳበሰችው።

«አይዞህ» አለችኝ። «ይለቅሃል።»